የተላሰ ሰሃን

(ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የአያ ቢሻው ቤት። በተዘጋው የጓዳ በር ፊት ገመድ ተወጥሯል። የአያ ቢሻው ልጅ ይኸነው ማስኩን አገጩ ላይ ጥሎ፣ ሳኒታይዘር ታቅፎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቱና አብሮ አደጉ ሽባባው ከገመዱ ማዶ ቆሟል። ከይኸነው እህት ከእታለማሁ ግቢ የሰርግ ከበሮ ይሰማል።)

ሽባባው፦ ኧረ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አባትህ ሰሃን መላስ የጀመሩት መቼ ነው?

ይኸነው፦ ምን አልክ?

ሽባባው፦ (ከመስኮቱ ስር ወዳሉት ሰሃኖች እያመለከተ) ይኸው፣ ሁሉም ተልሰዋል። እንኳን ቅንጬው ቅባቱም የለ።

ይኸነው፦ የበላ ሰው ሰሃን ባዶ ይሆናል።

ሽባባው፦ ባዶ መሆኑንማ አየሁ። እኔ የምጠይቅህ ስለ ምላሱ ነው።

ይኸነው፦ ከሕመም የተነሣ ሰው... አትጠጋ! ገመዱ ለምን የተወጠረ ይመስልሃል?

ሽባባው፦ ልብስ ልታሰጣ።

ይኸነው፦ ለጉንፋን ነው!

ሽባባው፦ ጉንፋን ገመድ አይቶ ይመለሳል?

ይኸነው፦ ይዞት የሚመጣው ሰው ይመለሳል። ስማ ሽባባው፣ አባባ ክረምቱን በሳንባ ምች ሆስፒታል ተኝተው ሲያጣጥሩ አብረን ነበርን። ሐኪሙ «ዳግም ከያዛቸው እንጃ» ነው ያለኝ። ሙሽራው ደግሞ ከነሚዜዎቹ ከጫግኒ ነው የመጣው። ጫግኒ ሰሞኑን የማይስል ሰው የለም ይባላል።

ሽባባው፦ እሱስ እውነት ነው። ግን ሙሽሪት ሀይማኖት «አያቴ ሳይመርቁኝ ከቤት አልወጣም» ብላ...

ይኸነው፦ መዝኜዋለሁ! (ሁለት እጁን እንደ ሚዛን ዘርግቶ) እዚህ የአንድ ቀን ምርቃት። እዚህ የአባቴ ነፍስ። የቱ ይከብዳል?

ሽባባው፦ ነፍስ።

ይኸነው፦ አበቃ።

ሽባባው፦ ሚዛኑን ግን ለእሳቸው አሳየሃቸው?

ይኸነው፦ በሽተኛ ሚዛን ላይ ይቀመጣል እንጂ ሚዛን አይይዝም! ደግሞም ተስማምተዋል። ጠዋት በበሩ ቀዳዳ «አባባ፣ ብርድ አለዎ?» ብላቸው «እህህ» አሉኝ። «ሰርጉ ቢቀርብዎ ይቀየሙኛል?» ብላቸው ዝም። ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይናቸው አልዞረም። ዛሬ እንኳ ሰው ሳይረብሻቸው ይተኙልኝ።

(ከጓዳው ውስጥ ሳል ይሰማል።)

ይኸነው፦ አይዞዎ አባባ፣ እዚሁ ነኝ!

ሽባባው፦ (ራሱን እያከከ) ይኼ ሳል የአያ ቢሻው አይመስልም።

ይኸነው፦ ሳል እንደ ድካሙ ይለዋወጣል። የጤና ስልጠና ላይ ተምረናል። ይልቅ ትናንት ያስጠናሁህን ድገምልኝ።

ሽባባው፦ (በጣቱ እየቆጠረ) በተዘጋ ቤት ከሰው ጋር አለመታጨቅ፤ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ባለበት መሆን። ማንም ከሁለት እርምጃ ወዲህ እንዳይጠጋ። የራስ ዋንጫ። መሳሳም የለም።

ይኸነው፦ ግሩም! አይገባውም እያሉ ስምህን ያጠፋሉ።

ሽባባው፦ ሁሉንም አድርጌዋለሁ።

ይኸነው፦ ለማን?

ሽባባው፦ ለ... (ፈርቶ) ኧረ ይኼ ዳማችሁ እንዴት ያለ ፈረስ ነው!

ይኸነው፦ ፈረስ እዚህ ምን አመጣው?

ሽባባው፦ ሰው ሲጠጋው ይራገጣላ። አንተ ሁለት እርምጃ ስትል እሱ አራት ያስጠብቃል።

ይኸነው፦ እኔ ስለ ነፍስ አወራለሁ፣ አንተ ስለ ፈረስ! የፈረስ ወሬህን የፈረሰኞች ማኅበር ላይ... ሀ... ሀ... ሀጢሽ!

(ሽባባው ወደ ኋላ ይፈናጠራል።)

ይኸነው፦ አቧራ ነው።

ሽባባው፦ ዓይንህም ቀልቷል። ከማን ያዘህ?

ይኸነው፦ ከማን ይይዘኛል? ገመዱን ከወጠርኩ ወዲህ ከዚህ በር አልተነሣሁም! እነሱ ናቸው የመጡት። ከጫግኒው ሚኒባስ የወረደው ሁሉ «አያ ቢሻው እንዴት ናቸው?» እያለ እዚህ ተሰለፈ።

ሽባባው፦ አንተስ?

ይኸነው፦ አስረዳኋቸው! ስለ ጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ።

ሽባባው፦ ማስክህን አድርገህ?

ይኸነው፦ በማስክ እንዴት ይሰሙኛል? ከበሮው ይመታል። አወረድኩና ጠጋ አልኳቸው።

ሽባባው፦ ሳምካቸው?

ይኸነው፦ እኔ? በጭራሽ! እነሱ ናቸው የሳሙኝ። ስለ አለመሳሳም ስነግራቸው በጣም ደስ አላቸውና።

ሽባባው፦ ጉርሻስ?

ይኸነው፦ (ድምፁን ቀንሶ) የሙሽራው አጎት «ካልጎረስክ አልሰማህም» አለኝ። ታዲያ ትምህርቱ ይቋረጥ?

ሽባባው፦ እና በዚያ እጅህ ነው ቁርስና ምሳ ያቀበልከው?

ይኸነው፦ ሌላ ማን አለ? ፊቴን አዙሬ በመስኮት ገፋሁላቸው፤ ባዶውንም እንዲሁ ሳብኩ። ለጥንቃቄ።

ሽባባው፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) እሰይ። እንኳንም ሙክቱ ሆነ!

ይኸነው፦ የምን ሙክት?

ሽባባው፦ እሱን ልወስድ ነው የተላክሁት። በር ላይ ይዘኸኝ ነው እንጂ።

(ይኸነው በርጩማውን ገልብጦ ይነሣል። በሩን ይከፍታል። አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረለት ነጭ የበግ ሙክት እየሳለ ይወጣል፤ አልፎት ሄዶ ሰሃኖቹን ዳግም ይልሳል።)

ይኸነው፦ አባባ! ሽባባው፣ አባቴ የት ናቸው?!

ሽባባው፦ ደህና ናቸው። ጠዋት አንተ ገመድ ልትገዛ ስትሄድ በጓሮ በር ወጡ። «ዳማን ጫንልኝ» አሉኝ። «ይኸነው ምን ይለኛል?» ብላቸው «እሱ ያለውን ሁሉ አድርግ» አሉኝ። አደረግኩ። ሙክቱ ለሀይማኖት የሚሰጧት ነው፤ ማታ ውርጩን ፈርተው ጓዳ አስገብተውት ነበር።

ይኸነው፦ ዳስ ውስጥ አስገባሃቸው? ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል?

ሽባባው፦ ማን ዳስ ገባ? ሜዳው ላይ፣ ከዲከረንስ ዛፎቹ ጥግ፣ ነፋሱን ለጀርባቸው ሰጥቼ። ከፈረስ አልወረዱም። እዚያ ላይ ሆነው የማን ትንፋሽ ይደርሳቸዋል? የሚጠጋውን ዳማ ጆሮውን ጥሎ ያየዋል፤ ይበቃል። ዋንጫቸው ኮርቻው ላይ ታስሯል።

ይኸነው፦ ሀይማኖትስ? አልተጠጋችም?

ሽባባው፦ እሷንማ ዳማ ያውቃታል። ጉልበታቸውን ብቻ ሳመች። ጉልበት አይተነፍስም ብዬ ፈቀድኩ።

ይኸነው፦ (ቀስ ብሎ) መረቋት?

ሽባባው፦ ግማሹን በአገውኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ድምፃቸው መንገዱ ድረስ ተሰማ። እናትህን፣ ነፍሷን ይማር፣ ስሟን ሲጠሩማ እታለማሁ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

(ይኸነው ዓይኑን ይጠርግና ገመዱን ሊሻገር እግሩን ያነሣል።)

ሽባባው፦ ሁለት እርምጃ!

ይኸነው፦ አባቴ እኮ ናቸው!

ሽባባው፦ ለዚሁ ነዋ። ከጫግኒ ሰው ሁሉ ጋር ስትሳሳም የዋልከው አንተ ነህ። እጅህን ዘርጋ እስቲ። እዚህ ጥቂት ቀን ጓዳ መቀመጥ። እዚህ የአያ ቢሻው ነፍስ። የቱ ይከብዳል?

(ይኸነው የዘረጋውን እጁን አየት ያደርጋል። ማስኩን ወደ አፍንጫው ይመልሳል፤ ራሱ ወደ ጓዳው ገብቶ በሩን ከውስጥ ይዘጋል። ሽባባው ገመዱን ያጠብቃል።)

ሽባባው፦ እሳቸው እታለማሁ ቤት ይከርማሉ። አንተ ራትህ በመስኮት ይመጣልሃል። ሰሃኑን ግን አትላሰው፣ ሰው ይሳሳታል።

ይኸነው፦ (ከውስጥ) ሽባባው...

ሽባባው፦ አቤት።

ይኸነው፦ ተቀይመውኛል?

ሽባባው፦ ኧረ የለም። «ልጄ ለእኔ ፈርቶ ነው፣ ጥሩ ሥጋ አስቀምጡለት» ብለዋል።

ይኸነው፦ ታዲያ ሂድና ከፈረሱ አውርዳቸው። ደክሟቸዋል፣ እንቅልፍም የላቸውም።

ሽባባው፦ አሁንማ ማን ይቀሰቅሳቸዋል? የእታለማሁ ልጅ ባምላክ ልጓሙን በረጅሙ ይዞ ቆሟል። ሙሽሮቹ እንኳ እንዳይነሡ ብለው ዘፈኑን ዝቅ አስደርገውላቸዋል።

(ይኸነው ጆሮውን ወደ መስኮቱ ይሰጣል። ከበሮው በእርግጥም ዝቅ ብሏል።)

ይኸነው፦ ተኙ? ኮርቻ ላይ?

ሽባባው፦ በጎልማሳነታቸው ከዳንግላ ገበያ ሲመለሱ እንዲሁ አልነበር የሚተኙት? «አሜን» ተብሎ ሲያበቃ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ድረስ ሳቡ፣ የዝንብ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፤ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንኮራፋት ጀመሩ።