የሽማግሌው መንጋጋ

ጎንደር ውስጥ የጥርስ ሐኪም የለም የሚል ሰው ጥርሱን ታሞ አያውቅም! እስቲ ጉንጩን ደግፎ አንድ ጠዋት ገበያ ይውጣ... ከተማው በሙሉ ሐኪም ነው። አንዱ ቅርንፉድ ንከስበት ይላል፤ ሌላው አረቄ ያዝበት ይላል። (አረቄውን ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። ጥርሱ አልዳነም፤ እኔ ግን ቅር አላለኝም።) ጎረቤቴ እማሆይ ደግሞ «ትል ነው የሚበላህ» ብለው ትሉን በጭስ ሊያስወጡልኝ ሞከሩ። የወጣው እንባዬ ብቻ ነው።

ሐኪም ቤትም ሄጃለሁ። ድሬሰሩ አፌን አየና «መንጋጋህ ተቦርቡሯል። ስኳር ትወዳለህ፤ መፋቂያ አትወድም» አለኝ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ጥርስ ነቃዩ ሐኪም ከአስመራ እስኪመጣ መታገሥ ነዋ!»

መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅም። አስፕሪን ሰጥቶ ሸኘኝ።

እኔ እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው እንግዲህ ወንድሜ ደሳለኝ ማክሰኝት አንዲት ልጅ አይቶ ልቡ የጠፋው። ሽማግሌ ሆነህ ካልጠየቅህልኝ እመነኩሳለሁ አለ! ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል ሰምታችኋል፤ ጥርስ ታሞ ሽምግልናን ግን ያየሁት እኔ ነኝ። ጉንጬን በጋቢ ሸፍኜ፣ ከሰፈራችን መሪጌታ ጋር በጭነት ማኪና ማክሰኝት ደረስን።

የልጅቱ አባት አያ ምትኩ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? የአገሩ ወጌሻ! ስብራት የሚጠግኑ፣ ጥርስ የሚነቅሉ። እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን። እሳቸው ግን መሪጌታን የሰሟቸው አይመስልም፤ ዓይናቸው ጉንጬ ላይ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ጉንጭህ?»

«ምንም አይደል፣ አያ ምትኩ። ነፋስ ነው።»

«ነፋስ እንዲህ አያሳብጥም። በል ተቀመጥ! የታመመ ሰው ፊቴ ቆሞ ስለ ጋብቻ አላወራም።»

አድነኝ በሚል ዓይን መሪጌታን አየኋቸው። «ቅዱሳን ስንቱን ችለዋል፤ አንተ አፍህን መክፈት አቃተህ?» አሉኝ።

ጉጠቱ መጣ። አፌ ውስጥ ከገባ በኋላ ያልሆነውን ጥርስ እንደያዘ ገባኝ።

«እ-እ-እ!» አልኩ።

«አዎ፣ አዎ፣ እሱው ነው» አሉና ሳቡት።

ወገኖቼ... እጃቸው ላይ ያለው ጥርስ ነጭ! ጤነኛ! የታመመው ጎረቤቱ አፌ ውስጥ ተደላድሎ ይጠዘጥዘኛል።

«ተመልከቱልኝ፣ ሥሩ እንኳ አልተሰበረም! ሸጋ አወጣጥ አይደለም?» አሉ ለመሪጌታ እያሳዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ተሻለህ፣ ልጄ?»

እስቲ ፍረዱኝ። ተሳስተዋል ብል፣ አገር የሚያከብረውን ወጌሻ ገና ሳንዛመድ በገዛ ቤቱ ማዋረድ ነው። ልጅቱ ቀረች፣ ደሳለኝም ገዳም ገባ ማለት ነው። ደሜን ዋጥ አድርጌ፣ «ተገላገልኩ! እጅዎ ይባረክ!» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «እጄን ያመነ ቤተሰብ ልጄን አይበድልም። ሰጥቻለሁ!»

በሠርጉ ቀን ሰው ሁሉ ጮማ ሲቆርጥ እኔ መረቅ ስጠጣ ዋልኩ። አያ ምትኩ እብጠቴን አይተው «ይሄኛው ጥርስ ደግሞ በወጣው ቀንቶ ነው፤ አንድ ቀን ብቅ በልና እሱንም እንገላገለዋለን» አሉኝ።

ይኸው ወንድሜ ሚስት አገኘ፣ እኔ ክፍተት አገኘሁ። ከአስመራ የመጣ ሐኪም የለም። እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። የሙሽራዋ ታናሽ እህት ደርሳለች አሉ፤ ትንሹ ወንድሜም ሰሞኑን ማክሰኝት ገበያ መመላለስ አብዝቷል... እባካችሁ፣ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ የምታውቁ ጠቁሙኝ!