እምቢ ያለው ኢሜይልና የእኔ ቴስቶች

እናንተ ሰዎች! ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። መካነ ሰላም ትንሽ ከተማ ናት፤ እናንተም ጋ መድረሱ አይቀርም።

እንደምታውቁት የአይቲ ባለሙያ ነኝ። (የመስሪያ ቤቱ ስም ይቅርብኝ፣ እንጀራዬ ነው!)

ኢሜይላችን የሚላከው እኔው በጫንኩት የሊኑክስ ሰርቨር ነው። «ይሄ አይበላሽም!» ብዬ ስብሰባ ላይ ያስጨበጨብኩለት ሰርቨር።

ጠዋት እማ ሙሚና መጡ። ከከላላ፣ በመጀመሪያው መኪና።

ልጃቸው ሀያት ዓረብ አገር ናት። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ቀምታት አምልጣ ወጥታ የኢትዮጵያ ቆንስላ መጠለያ ገብታለች። ቆንስላው ደግሞ «የአካባቢያችሁ ተወላጅ መሆኗን መስሪያ ቤታችሁ ያረጋግጥልን፤ ዛሬ ከደረሰን ሰሞኑን በሚነሳው በረራ እናሳፍራታለን» ብሏል። በግል ኢሜይል አይሆንም። በመስሪያ ቤቱ አድራሻ ብቻ!

ማረጋገጫው ተፈርሟል፣ ማህተም አርፎበታል፣ ስካን ተደርጓል። የቀረው መላክ ነው።

«አብሽሩ እማ ሙሚና፣ አሁኑኑ እዚያ ይደርሳል» አልኩና «ላክ» የሚለውን ነካሁ።

አልሄደም።

ኤረሩ «ማንነትህ አልተረጋገጠም» ይላል።

የማን? የእኔ?! የልጅቷን ማንነት ላረጋግጥ ተቀምጬ እኔ ልጠየቅ?

(ለማታውቁት፦ የእኛ ሰርቨር ኢሜይሉን አዲስ አበባ ላለ የአንድ ድርጅት ሰርቨር ያቀብላል። ያኛው ደግሞ ስምና ፓስወርድ ካልተሰጠው አይቀበልም።)

ፓስወርዱን እንደገና ጻፍኩ። እምቢ። ሪስታርት አደረግኩ። እምቢ። ፋየርዎሉን አጠፋሁ። እምቢ! ኬብሉን ነቅዬ እፍ አልኩበት። (አዎ፣ እፍ አልኩበት። ዲግሪ አለኝ።)

እማ ሙሚና ከኋላዬ ተቀምጠው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ። እያንዳንዷ «ያ ረቢ» ጀርባዬ ላይ ታርፋለች።

ከዚያ ሙከራ መላክ ጀመርኩ። ሌላ አድራሻ መጻፍ ታከተኝና ሁሉንም ወደዚያው ወደ ቆንስላው።

የመጀመሪያው «ቴስት» ይላል። ቀጥሎ «ቴስት እንደገና»። ቀጥሎ «እባክህ ሂድ»።

ከዚያ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሂድ አንተ ደንቆሮ!»

«ምን ይጎልትሃል፣ አህያ!»

«አንተን ያመነ ሰው ነው ጥፋቱ!»

ቀለል አለኝ። ደግሞስ ማን ያየዋል? አይሄድም እኮ!

አዲስ አበባ ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ከእኛ በኩል ሰላም ነው። ሎጉን በደንብ አይተኸዋል?» አለኝ ልጁ። «እኔን ሎግ ልታስተምረኝ ነው?» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። (ሎግ ማለት ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት መዝገብ ነው።)

ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ብቅ አሉ። «ያሬድ፣ እኚህን እናት እስካሁን ምን ታስቀምጣቸዋለህ?»

«ኔትወርክ ነው።»

(ምስኪን ኔትወርክ፣ ስንቱን ይሸከማል!)

ከሰዓት በኋላ እማ ሙሚና ተነስተው አጠገቤ ቆሙ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። የማይሆን ከሆነ ልንገራት። ስልኳን ይዛ እየጠበቀች ነው።»

 ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

ያን ጊዜ ነው ሎጉን በወጉ ማንበብ የጀመርኩት። ጠዋቱን ሙሉ የማያት የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ነበር። ከእሷ በላይ ያለችው ምን ትላለች መሰላችሁ?

«የሰርቲፊኬቱ ዘመን ገና አልጀመረም።»

ገና?!

የሰርቨሩን ቀን አየሁ። 2007 ይላል።

የእኛ 2007!

እሺ፣ ግለ ሂሴን ላድርግ። ትናንት መውጫ ሰዓት ላይ አቶ ደረጀ «በሦስት ሰዓት የላክሁት ኢሜይል ምን ሆኖ ነው ዘጠኝ ሰዓት የሚለው? ዓመቱስ የማን ነው?» ብለው ተቆጡ። እኔም «ቀላል ነው!» ብዬ ሰርቨሩን በሐበሻ ዘመንና በሐበሻ ሰዓት ሞላሁት። አመሰገኑኝ። ኮርቼ ቤቴ ገባሁ።

ዓለም ግን 2015 ላይ ነው። ሰርቨራችን የአዲስ አበባውን ሰርቨር መታወቂያ (ሰርቲፊኬት የሚሉት እሱን ነው) ሲያየው የተሰጠው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ሐሰተኛ መሰለውና ፓስወርዱን አልሰጥም አለ። እውነቱን ነው! እኔም ብሆን አልሰጥም።

ሰዓቱን መለስኩት። ማረጋገጫውን እንደገና ላክሁ።

«ሄደ!» ብዬ ጮህኩ።

እማ ሙሚና እልል አሉ። አቶ ደረጀ ሮጠው መጥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ለአንዲት ደቂቃ ጀግና ነበርኩ።

ከዚያ ትዝ አለኝ።

ሰርቨር ያልሄደለትን ኢሜይል አይጥልም። ወረፋ ያስይዘዋል። መንገዱ ሲከፈት ይለቀዋል።

ሁሉንም!

ደንቆሮው ሄደ። አህያው ሄደ። ከእያንዳንዱም ግርጌ ሰርቨሩ ራሱ የሚለጥፈው የአቶ ደረጀ ስምና ማዕረግ አለ!

ኬብሉን መንጭቄ ነቀልኩት። ምን ዋጋ አለው?

ኬብሉን መልሼ ስሰካው ብዙም ሳይቆይ መልስ ገባ። ማን ጮክ ብሎ ያንብበው? አቶ ደረጀ!

«ማረጋገጫው ደርሶናል፤ ሀያት በበረራው ተካታለች። በተጨማሪ፣ ከስምንት ዓመት በፊት የተጻፉልን ስድቦች ዛሬ ደርሰውናል። ያን ጊዜ ምን አጥፍተን እንደነበር ቢገለጽልን።»



«ያሬድ» አሉ አቶ ደረጀ ቀስ ብለው፣ «አህያው ማነው?»

«ሰርቨሩ ነው።»

«ከሥሩ ያለው ግን የእኔ ስም ነው!»

እግዜር ይስጠው፣ የእማ ሙሚና ስልክ ጮኸ። ሀያት ናት። እማ ሙሚና አዳመጡ፣ ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቁ ጀመር። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። ሁለቱም ነበር።

«የቆንስላው ሰውዬ ስድቡን መጠለያው ውስጥ ላሉት ሴቶች አነበበላቸው አሉ» አሉን ስልኩን ዘግተው። «መጠለያው በሳቅ ፈርሷል። ልጄ ሳቀች እኮ! ከሄደች ወዲህ ሳቋን ሰምቼው አላውቅም።»

ሲወጡ ግንባሬን ሳሙኝ። «አላህ ይስጥልኝ ልጄ። አፍህን ግን ታጠበው።»

ትምህርቱ? ኤረር ከላይ ጀምሮ ነው የሚነበበው። ለተገተረ ሰርቨርም ክፉ ቃል አይጻፍም።

አሁን እናንተ ፍረዱ። ስሕተቱ ልጅ ያሳቀለት ሰው ግማሽ ምሕረት አይገባውም?

አቶ ደረጀን ጠይቄያቸዋለሁ። አይገባህም ብለዋል።