በማን ክንድ ይለካ?

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ነገር ከሆነ በኋላ የሚደነግጥና ሳይሆን አስቀድሞ ደንግጦ የሚጨርስ። እኔ ከሁለተኛዎቹ ነኝ። ዝናብ ብርቅ በሆነባት በአሰብ እንኳ ደመና ባየሁ ቁጥር ጣራዬን ቀና ብዬ የማይ ሰው ነበርኩ። ባለቤቴ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ትለኛለች። ከፍርሃቴ ይፈውሰኛል ብላ ነው እንግዲህ። ከእኔ ወገን የሆናችሁ ካላችሁ ልጅ መዳር ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምን እንደሆነ አይጠፋችሁም።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ በምሠራበት ጊዜ። ትልቋ ልጄ በጥር ልታገባ ሆነና የሙሽራው ወገኖች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሊመጡ ቀጠሮ ያዙ። አሰብ ደግሞ እንግዳ ፊት የሚያሳፍሩ ሁለት ነገሮች አሏት፤ ፀሐይና ነፋስ። በጥር ፀሐይዋ ትንሽ ታዝናለች። ነፋሱ ግን ከባሕሩ ተነስቶ ያገኘውን ሸራ እየገነጠለ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታችን የጣለው ዳስ በምሳ ሰዓት ብድግ ብሎ የአጥሩ ግንብ ላይ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ጭንቀቴ ሁሉ ዳስ ላይ ነበር።

ታናሿ ልጄ መዓዛ አዲስ አበባ አርክቴክቸር ትማራለች። ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት መጣችና «አባባ፣ ዳሱን ለእኔ ተውልኝ» አለች። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ነገሩ የሠርግ ብቻ አልነበረም። መምህሯ ሥራዋን አይቶ «በወረቀት ያምራል፤ ቆሞ ካላየሁት ግን አልቀበልም» ብሏታል። ቆሞ ፎቶ ካልተነሳ ዓመቱን ልትደግም ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ አንዷ ልጄ ከዳሱ ሥር ልትዳር ነው፣ ሌላዋ ዳሱ ከወደቀ አብራ ልትወድቅ ነው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። የሞራሌ እንጨቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደ መቀስ ይጠላለፉና መሃላቸው በብሎን ይታሰራል። መቀሶቹ ተያይዘው ሲታጠፉ አንድ እቅፍ እንጨት ናቸው፤ ሲጎተቱ ግቢውን የሚሸፍን ጠፍጣፋ ጣራ ይሆናሉ። ዋናው ብልሃት ልኩ ላይ ነው። ሁሉ ነገር ከአንድ መለኪያ ይወለዳል፤ እሱ ሲያድግ እንጨቱም፣ ጣራውም፣ ጥላውም አብሮ ያድጋል። ለዚህ መለኪያ ስም ያስፈልግ ነበርና መዓዛ «ክንድ» አለችው። «እንጨት፦ አራት ክንድ። ቀዳዳ፦ ከጫፉ ሁለት ክንድ» ብላም ወረቀት ላይ አሰፈረች። ክንዱ ስንት ሜትር እንደሚሆን ሸራው ከተገኘ በኋላ ልትወስን አስባለች። «ሀ» ብትለው ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር።

መዓዛ ሸራ ልትለምን ወደ ወደቡ ስትሄድ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ሁለት ሰዎች ደግሞ ሊረዱን መጥተዋል። አንዱ የአሰብና የአዲስ አበባ መንገድ ሹፌር፣ ወዳጄ ተሰማ ነው፤ ከጭነት መኪናው ጋቢና ሳይወርድ እግሩ መሬት የሚደርስ ረጅም ሰው። ሁለተኛው የባለቤቴ ወንድም በላቸው ነው፤ እሱ አጭር ነው፣ ሥራውም የማጣሪያው ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ሁለቱም ወረቀቱን አነበቡ። ሁለቱም ክንድ አላቸው። ምን ይጠበቃል? ተሰማ በክንዱ እየለካ እንጨቱን ቆረጠ። በላቸው ትራፓኖውን ይዞ በክንዱ እየለካ በሳ።

«ሜትሮ ላምጣላችሁ?» አልኩ።

በወርክሾፑ ፀጉር የምታህል ስህተት የማይምረው በላቸው ቀና እንኳ ሳይል «ክንድ ነው ያለችው፤ ሜትር አላለችም» አለኝ። ልጅቷን ማክበሩ ነው።

መዓዛ ስትመለስ ብሎኑ ሁሉ ታስሯል። ቀዳዳዎቹ መሃል ላይ አለመሆናቸውን አየችና የተረፈው እንጨት ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እንደገና ለመቁረጥ በቂ እንጨት የለንም፣ እንግዶቹም በማግስቱ ይደርሳሉ። «እስቲ ይጎተት» አለ ተሰማ። ሹፌር ስለሆነ እንቢ ያለ ነገር ሁሉ በመግፋት ይነሳል ብሎ ያምናል።

ጎተትነው። የእንጨቶቹ አጭር ወገን ሁሉ ከታች፣ ረጅሙ ከላይ ሆኖ ስለተገጠመ ጣራው ጠፍጣፋ መሆኑን ትቶ እንደ ተቆጣች ድመት ወገቡን እያነሳ ጎበጠ፣ ጎበጠና ሁለት ጫፎቹን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። መዓዛ ዞረችው፣ ገፋችው፣ በመጨረሻም ተንጠለጠለችበት። አልተነቃነቀም።

በሠርጉ ቀን ነፋሱ እንደተጠራ እንግዳ በምሳ ሰዓት መጣ። ሰው ሙሽሮቹን ያያል፣ እኔ ብሎን አያለሁ። ነፋሱ የዳሱን ጀርባ ዳብሶ አለፈ። ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ሸራውን በይሉል የምትባለው ሩቅ መንደር ድረስ ሄደን ነበር የምንፈልገው። የሙሽራው አጎት «ይሄን ጉብጠት ማን አሰበው?» ቢሉ ተሰማም በላቸውም እኩል ተነሱ።

ትክክለኛው ክንድ የማን ነው የሚለው ክርክር በዚያው ተጀመረ። መዓዛ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ክንዳቸውን በሜትሮ ለካች። «ጋሽ ተሰማ ብቻውን ቢሠራው ጠፍጣፋ ነበር፤ አጎቴ ብቻውን ቢሠራውም ጠፍጣፋ ነበር። ያጎበጠው የሁለታችሁ ልዩነት ነው» አለቻቸው። ሁለቱም የተመሰገኑት እነሱ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ። እሷም ሁለቱን ልኮች ከነፎቶው ለመምህሯ አቅርባ አለፈች።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ። እኛ አዲስ አበባ ገባን፤ ተሰማም በዚህ በኩል ቀረ። በላቸው ግን ሚስቱ የአሰብ ልጅ ናትና እዚያው ቀረ። ስልክ የለም፤ ደህንነቱን የምንሰማው ከሰው ሰው እየዞረ ሲደርሰን ነው።

ዘንድሮ የማግባት ተራው የመዓዛ ሆነ። ዳሷን ራሷ ልትሠራ ተነሳች፤ የእኔም የዱሮ ጭንቀት አብሮ ተነሳ። ተሰማ እጅጌውን ሰብስቦ መጣና እንጨቱን በክንዱ ለክቶ ቆረጠ። ከዚያ ትራፓኖውን ይዞ ቆመ።

«መብሻውስ በማን ክንድ ነው?» አለ።

ባለቤቴ ወደ ጓዳ ገባች።

መዓዛ ሻንጣዋን ከፍታ አንዲት የሞራሌ ቁራጭ አወጣች። ከአሰቡ ዳስ የተረፈች ናት፤ የአጭር ሰው ክንድ ታህላለች። ጎኗ ላይ በእርሳስ «አጎቴ» ይላል። ተሰማ በሁለት እጁ ተቀበላትና እንጨቱ ላይ አስተኝቶ መብሳት ጀመረ።

ዳሱስ ይቆማል፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዳስ አልሰጋሁም። የምሰጋው ለባለክንዱ ነው።