ለወንድሜ የመለሰው ሻጭ

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ሴት ስትጠይቀው አጠገቧ ለቆመው ወንድ የሚመልስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል?

«የሕንፃ ንድፍ የምሠራበትን ኮምፒውተር ፍጥነቱን ከልኩ በላይ ስለጨመርኩት ብዙ ኃይል ይበላል፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት ፓወር ሰፕላይ እፈልጋለሁ» አልኩት።

ሻጩ አብሮኝ ወደ መጣው ወንድሜ ዞረ። «ብሮ፣ አምስት መቶው ይበቃታል፤ መብራቱም ያምራል።»

ጫማ ነጋዴው ወንድሜ ግድብ የገነባ መሐንዲስ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። እኔ ዓይን አፋሯ እየተቃጠልኩ አምስት መቶውን ገዝቼ ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ ፓወር ሰፕላዩ ጧ አለ። በማግስቱ የማስረክበው ንድፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀረ።

ጠዋት የተቃጠለውን ዕቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። ሻጩ ከኋላዬ ወንድ በዓይኑ ፈለገ።

«ማንም የለም፤ ለእኔ መልስ!» አልኩት፤ ሰባት መቶ ሃምሳውን እስኪያወጣ ንቅንቅ አላልኩም።