የዘሃራን ሳይክል ያለ ፍሬን ገጠምኩት

ቤተሰብ፣ ትናንት የለጠፍኩትን ቪዲዮ ላይክ ያደረጋችሁ በሙሉ እባካችሁ ላይካችሁን መልሳችሁ ውሰዱ።

"ፋብሪካ ያበላሸውን ቆቦ አስተካከለው" ብዬ የጻፍኩበትን ማለቴ ነው። የሳይክል ፔዳል ወደ ኋላ ሽር ሲል የሚያሳየውን። ኮመንት ላይ "ኢንጂነር ሰዒድ" ያላችሁኝ ነበራችሁ። ደጋግሜ ሳነበው ነው ያመሸሁት።

ዛሬ ጠዋት እህቴን ልገድላት ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ዘሃራ ታላቄ ናት። ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ከመጣች ወራት አልፈዋል። እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ይህን የስልክ ጥገና ሱቅ የከፈተችልኝም እሷ ናት። ስትመጣ ከሮቢት ሳይቀር ዘመድ ተጠራርቶ ተቀበላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከግቢያችን በር ወጥታ አታውቅም።

ሰርግ ሲጠሯት "ደክሞኛል"። ገበያ እንሂድ ሲሏት "ሌላ ጊዜ"። ሰው ሲመጣ ትስቃለች፣ ታስተናግዳለች፤ ሰውየው ሲወጣ በሩ ድረስ እንኳ አትሸኝም። እማ እሷን እያየች ዱዓ ታደርጋለች። እኔ ደግሞ ቀልድ እሞክራለሁ። ቀልዴን ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን እማ አጥብቃ ስትይዛት "ሳይክሌ ሲገጠም እወጣለሁ" አለች።

በዚያ ሁሉ ዓመት ለራሷ የገዛችው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ለኛ ነበር። እሷ ከመጣች በኋላ በካርጎ ደረሰ፤ ካርቶኑ ላይ ባሕር፣ ዘንባባና ሳይክል የምትነዳ ሴት አለች። ቢች ክሩዘር ይባላል። ጎማው ወፍራም፣ ኮርቻው ሰፊ፣ መሪው እንደ ራያ በሬ ቀንድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ።

ጎረቤታችን እህል ነጋዴው አያ ሐጎስ ካርቶኑን አይቶ "ባሕሩስ በየትኛው መኪና ይመጣል?" አለ። እሱ እንኳ ከኔ የተሻለ ይቀልዳል።

"ማንም እንዳይነካው፣ እኔ እገጥመዋለሁ" አልኩ። ስልክ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ሳይክል ያቅተዋል? መመሪያውን አላየሁም። መመሪያ ለማይችል ሰው ነው።

እውነቱን ለመናገር እስከ መጨረሻው ድረስ ጥሩ ሄዶልኝ ነበር። ዘሃራ ግቢ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ ታቀብለኛለች። መሪውን ሳጠብቅ "ትንሽ ወደ ግራ ዞሯል" አለች፤ ዞሮ ነበር። የማዳሟ ልጅ እንዲህ ያለ ሳይክል እንደነበራትና ቤተሰቡ ሲወጣ እሷ ግቢ ውስጥ እየዞረች ትነዳው እንደነበር የነገረችኝ ያኔ ነው። ከመጣች ጀምሮ ይህን ያህል አውርታ አታውቅም። ደስ አለኝ።

ከዚያ የአስር ሶላት ልትሰግድ ገባች።

እኔም ሁሉ ነገር እንዳለቀ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሞከርኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ። እንደገና ሞከርኩት፤ ቆመ። እኛ አገር የማውቀው ሳይክል ሁሉ ፔዳሉ ወደ ኋላ በነፃነት ነው የሚዞረው፤ ፍሬኑ መሪው ላይ በእጅ የሚጨበጥ ነው።

እዚህ ላይ ማሰብ ነበረብኝ። የእጅ ፍሬን እንደሌለው አይቻለሁኮ! ግን ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? "ለአሸዋ የተሠራ ነው፤ አሸዋው ራሱ ያቆመዋል፤ ቆቦ ደግሞ ሜዳ ነው፣ ፍሬን ምን ያደርጋል" አልኩ። እነዚህን ቃላት በገዛ አፌ ተናግሬያቸዋለሁ።

ለእሷ ብልሽት ያለበት ዕቃ እንደመጣላት ልነግራት አልፈለግሁም። ለዓመታት ለፍታ ለራሷ የገዛችው አንድ ነገር ተበላሽቶ መጣ ብዬ እንዴት ልንገራት? ዝም ብዬ ላስተካክለው ብዬ የኋላውን ጎማ መሃል ፈታሁት። ውስጡ ግማሽ ክብ የሚመስሉ ሁለት ብረቶች አሉ። የሚያስቆመው እነሱ ናቸው። አወጣኋቸው።

ፔዳሉ ሽር አለ። ቪዲዮ አነሳሁ። ለእናንተ ለጠፍኩ።

"ሳትሞክረው ነው እንዴ የሰጠሃት?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ልሞክረው ስል እማ እጄን ያዘችኝ። በኛ ቤት አዲስ ነገር ሳይመረቅ አይነካም፤ ሲመረቅም የመጀመሪያው ባለቤቱ ነው። አዲስ ጫማ እንኳ ቢሆን። "ባለቤቷ ሳትወጣበት አንተ ምን ቤት ነህ?" አለችኝ። እኔም ተውኩት።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤት ተሰበሰበ። እማ እጇን ዘርግታ "አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ" አለች፤ አሚን ተባለ። አያ ሐጎስም በመስቀሉ አማትቦ አሚን አለ። እማ እትፍ እትፍ ብላ መረቀቻት። እኔ ግድግዳ ተደግፌ እንደ መሐንዲስ ቆሜያለሁ።

ዘሃራ አባያዋን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችበት። ከበሩ ስትወጣ እማ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቆቦ ሜዳ ነው ብያለሁ አይደል? የኛ ሰፈር መንገድ ግን ወደ ደረቁ ወንዝ ያዘቀዝቃል። ይህን መንገድ ከተወለድኩ ጀምሮ ሄጄበታለሁ።

ከታች ባጃጅ እየወጣ ነው። ዘሃራ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጥ አየሁ፤ ለካ የዚህ ሳይክል ፍሬን እሱ ነው። እግሯ ወደ ኋላ ዞረ። ደግማ ረገጠች፤ ዞረ። ልክ እንደ ቪዲዮው።

አንዴ ዘወር ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት የምረሳው አይመስለኝም።

ከዚያ መሪውን ጠምዝዛ አያ ሐጎስ ለከብቶቹ ከከመረው የማሽላ አገዳ ውስጥ ገባች። ሳይክሉ ተሰክቶ ቀረ። እሷ አልታየችም።

እማ "ያረቢ ልጄን" እያለች ሮጠች። እውነት ነው የምላችሁ፣ ሞታለች ብዬ ነበር።

አገዳው ተንቀሳቀሰ። ሻሿ ላይ ቅጠል ተሰክቶ፣ አንድ ክርኗ ተልጦ ወጣች። ማንንም አላየችም። "ፍሬኑን ማን ነካው?" አለች።

ልዋሽ ነበር። "ፋብሪካው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

አያ ሐጎስ ቀደመኝ። "እዋይ! ኣታ ሰዒድ፣ ትናንት በቪዲዮ ያስተካከልከው እሱን አይደል እንዴ? እኔም ላይክ አድርጌልሃለሁኮ።"

ሰፈሩ በሙሉ ወደኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ባልጠላሁ። ዱዓው ነው ያተረፋት፤ በኔ በኩል ሥራዬን ጨርሼ ነበር።

ግን የፈራሁት ሰዉን አልነበረም። ዘሃራ የግቢያችንን በር አየች። አሁን ትገባለች፣ ከገባች ደግሞ ዳግመኛ አትወጣም፣ ያስገባኋት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። አስቤም ምን አደረግሁ? በገዛ አፌ ላስገባት ጀመርኩ።

"እታለም፣ በቃ ግቢና እረፊ፤ ነገ አስተካክዬ..."

"ነገ አትበለኝ" አለች።

ድምጿ ከፍ አላለም። "ባሕሩ ከመስኮት ይታየኝ ነበር፤ ለእግር ሩቅ አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ልየው ስላት ማዳም 'ቡክራ፣ ነገ' ትለኛለች። በማግስቱም 'ቡክራ'። ቡክራ ሳይደርስ ነው ወደዚህ የመጣሁት።"

ባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ቆሟል። እኛ ፎቶ ስትልክልን "ባሕር ዳር ኑሮሽ ደስ ይላል" እንላት ነበር። እሷም "አልሐምዱሊላህ" ትለን ነበር። አለቀስኩ። ላብ ነው ብላችሁ አታጽናኑኝ፣ ለቅሶ ነው።

ሳይክሉን ከአገዳው ጎትታ አወጣች። የፊት ጎማውን በእግሮቿ መሃል ይዛ መሪውን አቀናችው፤ ከኔ በተሻለ። ከዚያ ከኮርቻው ኋላ ያለውን ዕቃ መጫኛ አሳየችኝ።

"ያዝ። ፍሬኑን አንተ አይደለህ ያወጣኸው? አንተው ትሆናለህ።"

እማ "ልጄ፣ ክርንሽን ልጠብልሽ" ስትል "አብሽሪ እማ፣ ስመለስ" አለቻት።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት አስፋልቱ ላይ የሳይክል መጫኛ ይዞ በነጠላ ጫማ ሲሮጥ ያያችሁት ሰው እኔ ነኝ። ሱቄ በር ላይ ስልካቸውን ሊወስዱ የቆሙ ደንበኞች ነበሩ፤ እጄን ላነሳላቸው አልቻልኩም፣ ፍሬን እጁን አያነሳም። ገበያው ጋ አንድ የአፋር ሽማግሌ ግመሎቹን አቁሞ አሳለፈን።

ዘሃራ ወደ ኋላ አትዞርም። "ፍሬን" ትላለች፣ ተረከዜን መሬት ላይ ተክዬ እጎትታለሁ። "ልቀቅ" ትላለች፣ እሮጣለሁ። ከከተማው ወጥተን ወደ ዋጃ የሚወስደው መንገድ ላይ፣ ግራና ቀኝ ማሽላ ብቻ ሲሆን፣ "ፍሬን" ማለቷን ተወች። ትንፋሼ ቢያልቅም አቁሚ አላልኳትም።

ስንመለስ ወደ ግቢ አልገባችም። ሳይክሉን አጥሩ ላይ አስደግፋ፣ በራችን ጋ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እማ ውሃ ይዛ ወጥታ ክርኗን እዚያው አጠበችላት። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲላት ትመልሳለች። ይህን ስጽፍ ገና እዚያው ናት፤ ድምጿ እዚህ ይሰማኛል።

እኔም ኃጢአቴን ላጥብ ብዬ ሁለቱን ብረቶች ይዤ፣ ጎማውን ልፈታ ቁጢጥ አልኩ። መልሶ መግጠሙ የአፍታ ሥራ ነው። አሁን ግን መመሪያውን አይቻለሁ።

ዘሃራ እጄን ያዘች። "ለጊዜው ተወው" አለችኝ። ሰው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ብቻዬን ልሄድ ገና ነኝ" አለች።

ስለዚህ ደንበኞቼ፣ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ዝግ ነው፤ ስልካችሁ ከሰዓት ይደርሳል። ኢንጂነርነቱን መልሻለሁ፣ ሌላ ሥራ ይዣለሁ።

ለመሆኑ በእናንተ ቤት ፍሬን የሚሆነው ማነው?