ፍሪጅ ፈላጊው በረዶ

ትናንት ሌሊት ወይዘሮ አስካለ ሕልም አዩ። ቧንቧው ከደረቀ ሳምንት አልፎታል፤ ልጃቸው ማስተዋል ደግሞ በማግስቱ ከነጨቅላዋ ከሆስፒታል ልትመጣባቸው ነው። ለአራስና ለሕፃን ማጠቢያ ጠብታ የለም። እንዲህ ተጨንቆ የተኛ ሰው ምን ደግ ነገር ያልማል? እሳቸው ግን አለሙ።

የሰፈሩ ቦኖ ጋ ሰዎች መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ ቢጫዎቹ ጄሪካኖች ጥላ ሥር ቆመው ያወራሉ። አንዱ ጄሪካን መጥቶ ወይዘሮ አስካለን በጆሯቸው አንጠልጥሎ ወደ ኋላ አዛወራቸው።

«ምነው ጌታዬ፣ ከንጋት ጀምሮ እኮ ነኝ!»

«ዕቃ አይናገርም!» አላቸው።

ወዲያው ውሃ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተገኙ። ሠራተኞቹ ከረባታቸውን እንዳሰሩ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። «እማማ፣ መቼ ነው የሚያስተናግዱን?»

«ነገ ተመለሱ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉ ወይዘሮ አስካለ እንደ ኃላፊ። ደስታቸው ወሰን አጣ።

ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ግዙፍ ነጭ ነገር በላብ ተጠምቆ ቆሟል። የኪሊማንጃሮ በረዶ ነበር።

«እናቴ፣ ሙቀቱ ከተራራዬ አስወጣኝ። ፍሪጅ አለዎት?»

«ፍሪጅስ አለኝ፣ መብራት ነው የሌለው። ይልቅ ቅለጥልኝ፤ አራስ አለችብኝ።»

«እቀልጣለሁ፤ ግን አንዴ ነው። የልጅ ልጅዎ ሲያድግ ማንን ያቀልጣል?»

ወይዘሮ አስካለ ሊያቀልጡበት ያነሱትን ድስት እንደያዙ አመነቱ። ቢያሞቁት ልጁ ዛሬ ይታጠባል፣ ነገ ይጠማል። አላስችል ሲላቸው ነጠላቸውን አውልቀው ከፀሐይ ከለሉት። እሱ ግን ይንጠባጠብ ጀመር። «ኧረ በናትህ፣ ቆይ!» እያሉ አለቀሱ። ውሃው እግራቸው ሥር ደረሰ፤ ቀዘቀዛቸው፤ ነቁ።

ነግቷል። አልጋውን ለአራሷ አንጥፈው መሬት ላይ የተኙበት ፍራሽ ውሃ ውስጥ ነው። እንደሚኖሩበት ሕንፃ ሰው ሁሉ፣ ውሃ ሲመጣ ድምፁ እንዲቀሰቅሳቸው ቧንቧውን ከፍተው ባዶ ሳፋ ደቅነው ነበር የተኙት፤ ሕልሙ ይዟቸው አልሰሙም። ሳፋውም ወጥ ቤቱም ሞልቶ ሳሎኑ ባሕር ሆኗል።

«ተመስገን!» አሉ።

በሩ ተደበደበ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው አቶ ድልነሳሁ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ቆመዋል። «ወይዘሮ አስካለ! ቤቴ ውስጥ እየዘነበ ነው እኮ!»

«የእርስዎስ ቧንቧ?»

የአቶ ድልነሳሁ ዓይን ፈጠጠ። «ወይኔ! የኔም ክፍት ነው!» ብለው በደረጃው ከሚወርደው ውሃ ጋር እየተንሸራተቱ ሮጡ።

«እንዳይዘጉት!» ጮኹ ወይዘሮ አስካለ። «መጥረጉ ይደርሳል! ድስቱንም ብርጭቆውንም ይሙሉልኝ፤ ልጄ ዛሬ ትገባለች!»