ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው

ቴሌቪዥን የሚገዛ ወንድ ሁሉ ውሸታም ነው! አትቆጡ… ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው። «ዜና ልከታተልበት ነው» ይላል። «ለልጆች ትምህርት ይጠቅማል» ይላል። አንዳንዱማ ደፍሮ «ለአንቺ ብዬ ነው እኮ፣ ድራማሽን ጥርት አድርገሽ እንድታዪ» ይላል። እኔ ሦስቱንም ብያለሁ። ልጅ እንኳ የለኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ። ቴሌቪዥኑን የፈለግሁት ሐጅ ዑስማንን ለማሸነፍ ነው። ሐጅ ዑስማን እዚህ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ግድግዳ የምንጋራቸው ሱዳናዊ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት መልስ ነጭ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ ይመጣሉ፤ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩና በፕሌይስቴሽን ኳስ ያሸንፉኛል። ያሸንፉኛል ያልኩት ለወግ ያህል ነው… ይጫወቱብኛል ነው የሚባለው! በስምንት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አሸንፌያቸው አላውቅም። መነጽራቸውን ረስተው የመጡ ዕለት እንኳን አራት ለባዶ ነው የተለያየነው።

እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዲግሪዬን በሻንጣ ይዤ ነው የተሰደድኩት። የተማረ ሰው ዝም ብሎ አይሸነፍም፣ ምክንያት ያቀርባል። የእኔ ምክንያት አሮጌዋ ቴሌቪዥናችን ነበረች። መሐሏ ላይ አረንጓዴ መስመር ወርዶባታል። ቁልፍ ስጫን ተጫዋቼ የሚንቀሳቀሰው አስቦበት፣ ከቤተሰቡ ጋር ተማክሮ ነው። በየዓርቡ «ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው!» እላለሁ። ሐጅም ለተማረ ሰው በሚሰጡት ማዕረግ «ወላሂ እውነትህን ነው፣ ያ ኡስታዝ» ይሉና ሌላ ጎል ያገባሉ።

ባለቤቴ አስቴር አንድ ቀን «እሳቸውስ በዚያችው ቴሌቪዥን አይደል እንዴ የሚጫወቱት?» አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ስለ ጌም ምንም አያውቅም።

እናንተ ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን በሳምንት ስድስት ቀን የሰው ወረቀት ስተረጉም ነው የምውለው፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የፖሊስ ቃል፣ የሆስፒታል ወረቀት… አንድም ደስ የሚል ወረቀት ይዞልኝ የመጣ ሰው የለም። ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው ሶፋ ላይ ወጥቼ እንደ ልጅ የምጮኸው። ያቺ ሰዓት በሽንፈት ማለቋ አንገበገበኝ።

ችግሩ፣ በእጃችን ያለው ገንዘብ ለሙከይፍ ያጠራቀምነው ብቻ ነው። ሙከይፍ ያው የአየር ማቀዝቀዣው ነው፤ በካርቱም ሙቀት ያለ እሱ የሚኖር ሰው ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለጋችሁ እኛ ቤት ብቅ በሉ። አስቴር ሦስቱንም ውሸቶቼን በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

«እሺ ግዛ» አለች በመጨረሻ። «ግን በአዲሱም ከተሸነፍክ ቴሌቪዥኑም ፕሌይስቴሽኑም ይሸጣሉ። ሙከይፌን አስገባለሁ።»

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ አትበለኝ! እሺ በለኝ።»

«እሺ…»

ይህን ስንነጋገር ዘይነባ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፤ እዚሁ ካርቱም ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ እረፍቷ ስለሆነ ከአስቴር ጋር ልትውል ትመጣለች።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «በትልቅነቱ እንዳይሸወዱ። ትንሽም ቢሆን ፈጣኑን ይያዙ። ፕሌይስቴሽኑን ይዘው ይሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክተው ይሞክሩት። ሲጫኑት ቶሎ ካልታዘዘ ኸላስ፣ ይተዉት።»

ፈገግ አልኩላት። «አስብበታለሁ» አልኳት፤ አላሰብኩበትም። በልቤማ የሰው ቤት የምታጸዳ ልጅ ስለ ቴሌቪዥን ከአቧራው ሌላ ምን ታውቃለች ብያለሁ። ይህን ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በማግሥቱ በሀፍላ፣ በአውቶቡስ ማለቴ ነው፣ ድልድዩን ተሻግሬ ባሕሪ የሚባለው ሰፈር ገበያ ሄድኩ። ፕሌይስቴሽኑን አልያዝኩም። ኡስታዝ የተባለ ሰው መጫወቻ አቅፎ ከሰው ጋር ተጋፍቶ አውቶቡስ ውስጥ ሲቆም ታየኝና ተውኩት። በምትኩ የግድግዳችንን ስፋት የለካሁበት ገመድ ኪሴ ውስጥ ነበር። የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚዘጋጀው!

ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር። በእኔ አቅም ሁለት ቴሌቪዥን አሳየኝ፤ ዋጋቸው እኩል፣ አንዱ መለስተኛ፣ አንዱ ግን… የጎረቤት አጥር የሚያህል!

«ያ ኡስታዝ፣ ለምን ትፈልገዋለህ?»

«ለ… ዜና።»

«ለዜና ትልቁ ጥሩ ነው። ለጌም ቢሆን ግን ትንሹን ውሰድ እልህ ነበር፤ እሱ ፈጣን ነው። ሁለቱም ፎርኬ ናቸው።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ፎርኬ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ የተማረ ሰው ደግሞ አይጠይቅም። ገመዴን አውጥቼ ትልቁን ለካሁት። ግድግዳችንን ሊሞላው አንድ ክንድ ብቻ ቀረው። በእኩል ዋጋ ትንሹን የሚገዛ ሞኝ አለ እንዴ? ሰውየው እውነቱን ነገረኝ፣ ዘይነባ እውነቱን ነገረችኝ፤ ሁለቱንም በገመድ አሸነፍኳቸው።

ዕቃው በሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንላት፣ መጣ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ቴሌቪዥኑ ነው፤ እኔ አንድ እግሬን አስገብቼ፣ ሌላውን ለካርቱም አቧራ ሰጥቼ፣ ካርቶኑን አቅፌ ቡሪ ደረስኩ። ሳሎናችን ሦስት እርምጃ ነው። ስከፍተው ቤቱ በሙሉ ሜዳ ሆነ። ኳሷ ከግራ ወደ ቀኝ ስትሄድ ለመከተል አንገቴን ከነትከሻዬ ማዞር ነበረብኝ።

«አንገትህን ምን ነካው?» አለች አስቴር።

«ጥራቱ ነው» አልኳት።

ዓርብ ደረሰ። ሐጅ ገቡ፤ ግድግዳውን አዩና «ማሻአላህ!» አሉ፤ ጀመርን። ቁልፍ ተጫንኩ። ተጫዋቼ ቆመ። ደግሜ ተጫንኩ… ቆሟል! አሮጌዋ ከቤተሰብ ትማከር ነበር ብያችኋለሁ፤ ይሄኛው ሽማግሌ ይልካል! ለመታሁት ምት መልሱ የሚመጣው ሐጅ ኳሷን ነጥቀው ግማሽ ሜዳ ከሄዱ በኋላ ነው። ሐጅ ግን ታጋሽ ሰው ናቸው፤ ቀደም አድርገው ይጫናሉ፣ «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ጎል ይሆናል። አምስት ለባዶ!

«ጥፋቱ የ…» ብዬ ጀመርኩ። አስቴር ቀና ብላ አየችኝ።

ይሄኔ ዘይነባ ሪሞቱን አንስታ ተነሣች። «ጋሼ፣ ይቺን ሳይነኩ ነው እንዴ የሚጫወቱት?» አለችና የዓረብኛውን ምርጫ አንድ በአንድ ወረደችው። የሆነ ቦታ ላይ ቆመች። «ይኸው፣ የጌም ናት። ይቺ ካልተነካች ሥዕሉን ሲያሳምር ይዘገያል።» እኔ ዓረብኛ ተርጓሚው፣ ያንን ቃል ሳምንቱን ሙሉ አልፌው ስሄድ ነበር። እሷ ተጫነችው።

ወላሂ ተአምር ነው! ቁልፍ ስነካ ተጫዋቼ ከጣቴ ቀድሞ የሚሮጥ መሰለኝ። ከሶፋው ዘልዬ ተነሣሁ። «ሐጅ! ያላ፣ እንደገና! የእስከ ዛሬው አይቆጠርም!»

«ማፊ ሙሽኪላ» አሉ ሐጅ፣ መቁጠሪያቸውን እያስተካከሉ። ችግር የለም ማለታቸው ነው፤ ለእሳቸው በእርግጥም አልነበረም። ድሮ ዘግይቶ ይገባብኝ የነበረው ጎል አሁን በሰዓቱ ይገባብኝ ጀመር። ሁለት… አራት… መብራቱ እንዲጠፋ ለመንኩ! በሌላው ቀን ገና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳናቀዘቅዝ የሚጠፋው ካህረባ፣ የዚያን ዕለት ብልጭ እንኳ ሳይል ጸና። ሰባት ለባዶ። ቴሌቪዥኑ ፈጣን ነው፣ ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፣ የእኔም ብቃት በግድግዳው ልክ ጥርት ብሎ ታየ።

አስቴር ተነሣች። ሄዳ የፕሌይስቴሽኑን ገመድ ያዘች። ዓርቤ አለቀ አልኩ።

«አስቱ፣ ቆይማ» አለች ዘይነባ። «ሳይነቀል አንድ ጊዜ ልሞክር?»

ሐጅ ሳቁ። ለሴት ልጅ የሚሳቅ፣ ደግ ሳቅ ነበር። ሳቁ የቆየው እስከ መጀመሪያው ጎል ነው። ዘይነባ ሻሿን ወደ ኋላ ወርወር አድርጋ፣ ወገቧን አጥብቃ፣ ሜዳውን እንደ ወለል ጠረገችው። ሐጅ መቁጠሪያቸውን መሬት አስቀመጡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑን ገልመጥ አደረጉት። ሦስት ለአንድ! ዘይነባ እልል አለች። እኔ ቤት እልል ሲባል ያ የመጀመሪያው ነበር።

«የት ተማርሽ?» አልኳት አፌን ከፍቼ።

«የአሠሪዬ ልጆች ጋ ነዋ፤ እነሱ ቤት ስሠራ ሰባት ዓመቴ እኮ ነው። ግን እዚያ ሁልጊዜ እሸነፍላቸዋለሁ። ካሸነፍኳቸው ያለቅሳሉ፣ እናትየው ትቆጣለች። ለራሴ ብዬ ስጫወት ዛሬ ገና ነው።»

ሰባት ዓመት ሙሉ እያወቀች የምትሸነፍ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እኔ ስምንት ወር ዕቃ ስከስስ ኖሬአለሁ። ከልቤ አፈርኩ። አስቴር ገመዱን ለቀቀችው።

«አይሸጥም» አለች። «ለዘይነባ ዓርብ ይቆይ።»

«እኔስ?»

«አንተ ሻይ ታፈላለህ።»

ይኸው አሁን ሙቀቱ ውስጥ ቁጭ ብለን ዓርብ ዓርብ ዘይነባና ሐጅ ይጫወታሉ፤ እኔ ስኳር እጨምራለሁ። ፍርዱን በጸጋ ተቀብያለሁ። ቴሌቪዥኑም ንጹሕ መሆኑን በእናንተ ፊት እመሰክራለሁ፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ግን ትናንት ጆይስቲኬን አገላብጬ ሳየው… የግራዋ መዘወሪያ ትንሽ ዘመም ያለች መሰለችኝ። እንግዲህ በዚህች ሰው እንዴት ያሸንፋል?